ሳይሸለሙ የቀሩት፦ የአካል ብቃት አሰልጣኞቻችን ከካርቱም ስታዲየም እስከ ካላክላ ሜዳ



የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ስፖርት ክፍላችን ታሪክ እንድንጽፍ ሲጠይቁን በመጀመሪያ እምቢ ብለን ነበር። እኛ ጸሐፊ አይደለንም፤ ባለሱቅ ነን። ትምህርታችንም ጎንደር ላይ ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። ይሁን እንጂ በካላክላ አል-ለፋ አካባቢ ሱቅ ከፍተን ብዙ ዓመት ስንኖር ከማኅበሩ ስፖርት ክፍል አልተለየንም፤ ማልያ ገዝተናል፣ ኳስ ነፍተናል፣ የሽልማት ዝርዝርም አዘጋጅተናል። በዚያ ዝርዝር ላይ የሠራነው ስህተት ስላለ በመጨረሻ እሺ አልን። ባለሱቅ ሁለት ደብተር እንዳለው ታውቃላችሁ፤ አንዱ የሸጠበት፣ ሁለተኛው የዱቤ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዱቤው ደብተር የተገለበጠ ነው። ልዩነቱ፣ በዚህኛው ባለዕዳዎቹ እኛ መሆናችን ነው።

ነገሩ ስለ አካል ብቃት አሰልጣኞች ነው። ሯጭ ሲያሸንፍ ስሙ ይጠራል፣ ባንዲራ ይሰቀልለታል። ሳንባውን፣ ጭኑንና ወገቡን ለዚያ ቀን ያዘጋጀለት ሰው ግን ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆሞ ያጨበጭባል። የአገራችን ስፖርት ታሪክ በእነዚህ ሰዎች የተሞላ ነው፤ የእኛም የካላክላ ታሪክ እንዲሁ።

የካርቱሙ ጨዋታ

ታሪኩን ከኖርንባት ከተማ እንጀምር። ብዙ ወጣቶቻችን የማያውቁት ነገር ቢኖር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የተመሠረተው በካርቱም ከተማ፣ በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. መሆኑን ነው። መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፤ እነሱም ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። በኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሲሆኑ፣ በኋላም ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1987 እ.ኤ.አ. እስካረፉ ድረስ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም የተካሄደው በዚያው ወር በካርቱም ነበር። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም በማለቷ ከውድድሩ ተሰናበተች። ከእሷ ጋር ልትጫወት የነበረችው ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች። የካቲት 9 ቀን ከግብፅ ጋር ገጥማም 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የተባለው ግብፃዊ ነው። እኛም ከካላክላ በአውቶቡስ ወደ መሀል ካርቱም በወረድን ቁጥር፣ ገና ሳንወለድ የተበላነውን አራት ጎል እያስታወስን እንቀልድ ነበር።

ነገር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር 1954 ዓ.ም.፣ እነዚሁ ሁለት አገሮች በአዲስ አበባ ለዋንጫ ተገናኙ። አሰልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ዘጠና ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀና በጭማሪው ሰዓት ኢትዮጵያ ሁለት ጎል ጨምራ 4 ለ 2 አሸነፈች። በእርግጥ የአዲስ አበባ ከፍታ እንግዳን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቢሆንም ከዘጠና ደቂቃ በኋላ የሚሮጥ እግር በአንድ ቀን አይገኝም። የጎል አግቢዎቹን ስም የሚቆጥር ሰው እስከ ዛሬ ሞልቷል። ያንን እግር ለሁለት ሰዓት ጨዋታ ማን እንዳዘጋጀው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አልገጠመንም።

ሻለቃውና ወታደሩ

ስለ አሰልጣኝ ተነሥቶ ሻለቃ ኦኒ ኒስካነንን አለማንሳት አይቻልም። ፊንላንድ የተወለዱ ስዊድናዊ ሲሆኑ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በክብር ዘበኛ የጦር ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ሆኑ። አበበ ቢቂላን ያገኙት ከክብር ዘበኛ ወታደሮች መካከል ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማራቶንን አሸነፈ። ባዶ እግሩን መሮጡን ዓለም ሁሉ ያወራል። አሰልጣኙ አስቀድመው መንገዱን ከአበበ ጋር እንደተመለከቱት የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ጣሊያኖች ከአገራችን ወስደው ሮም ላይ ያቆሙት የአክሱም ሐውልት ከመጨረሻው መስመር ብዙም ሳይርቅ በመንገዱ ላይ ይገኝ ነበር። ከሐውልቱ ስትደርስ ፍጥነትህን ጨምር የሚለው ምክር አስቀድሞ ተይዞ ነበር። አበበም ከሐውልቱ ሲደርስ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ ሄደ። በዚያው ቀን ሌላው የክብር ዘበኛ ሯጭ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆኖ ገብቷል። ከአንድ ጦር ሰፈር የወጡ ሁለት ወታደሮች በዓለም አንደኛና ሰባተኛ ሲሆኑ፣ የሁለቱ ልጆች ተሰጥኦ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አሰልጣኙን መካድ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ ላይ የሆነውን ደግሞ በጽሞና ማሰብ ይገባል። አበበ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ያም ሆኖ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ የዓለምን ክብረ ወሰንም ሰበረ። ሁለተኛው ሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። አበበም እስኪመጡ አልተቀመጠም፤ ሣሩ ላይ ወርዶ ሰውነቱን ያፍታታ፣ በጀርባው ተኝቶ እግሩን በአየር ላይ ያሽከረክር ጀመር። ተመልካቹ ጉድ አለ። ለእኛ ግን ያ የአሰልጣኙ ፊርማ ነበር። የቀለም ተማሪ ፈተናውን ሲጨርስ ያስተማረው እንደሚታወቅ ሁሉ፣ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ወዲያው ጂምናስቲክ የሚሠራ ሰው ከጀርባው ማን እንዳለ ይታወቃል።

ጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ አበበ በሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ተረክቦ አሸነፈ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አበበ በቮልስዋገን መኪናው አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ከዱት። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። በዊልቸር ሆኖም በ1970 እ.ኤ.አ. በዚያው በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ቀስት ለመወርወር ቀረበ። እግር ሲከዳ ክንድን መልሶ የሚያበረታ ባለሙያ መኖሩን ከዚህ እንማራለን። ሻምበል አበበ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አረፈ። ሻለቃ ኒስካነንም በ1984 እ.ኤ.አ. አረፉ። የሻምበል አበበን ስም የማያውቅ ሐበሻ በካላክላ አልነበረም። የሻለቃውን ስም በሱቃችን ደጃፍ ስንቱን ጠይቀን ስንቱ እንደመለሰልን ባንናገር ይሻላል።

ከሞስኮ እስከ በቆጂ

በ1972 ዓ.ም. ክረምት ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትርን ሲያሸንፍ እኛ ገና ልጆች ነበርን፤ ጎንደር ላይ በጎረቤት ሬዲዮ ዙሪያ ተኮልኩለን እንሰማ ነበር። ያኔ አሰልጣኙ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። እሳቸውም ራሳቸው በወጣትነታቸው የአጭር ርቀት ሯጭ ሆነው ሮም ኦሊምፒክ ላይ ተሰልፈዋል። በዚያ የሞስኮ 10,000 ሜትር መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ወጡ። ሜዳሊያ ያመለጠው ቶሎሳ በኋላ ራሱ አሰልጣኝ ሆኖ ለሌሎች ሜዳሊያ ደክሟል።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ መጡ። ሀንጋሪ የተማሩ፣ በጥብቅነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ዘመን እነ ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ገዛኸኝ አበራ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወርቅ አምጥተዋል። በሲድኒ በ2000 እ.ኤ.አ. ብቻ ኢትዮጵያ አራት ወርቅ፣ አንድ ብርና ሦስት ነሐስ አግኝታለች። የሥልጠናው ዘዴ ለአዋቂ ሰው የተሰወረ አይደለም፤ እንጦጦ ዳገት ላይ ጉልበትና ትንፋሽ ይገነባል፣ ጫካው ውስጥ በለስላሳው መሬት ላይ ረጅም ይሮጣል፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ተወርዶ ፍጥነት ይሠራል፣ በመካከሉም ዕረፍት ይታዘዛል። ከባዱ ነገር የትኛው ልጅ በየትኛው ቀን የትኛውን እንደሚሸከም ማወቁ ላይ ነው። ዶክተር ወልደመስቀል በ2006 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን የአሰልጣኝነት ሽልማት ተቀበሉ። ግንቦት 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ተለቀሰ። እንኳንም በሕይወት ሳሉ ተሸለሙ እንላለን፤ ብዙዎቹ ጓዶቻቸው ግን ይህን አላገኙም።

ከእነዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ሌላ ሰው አለ። አርሲ ውስጥ በበቆጂ ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። በጠዋት ሜዳ ላይ የሰበሰቧቸው ልጆች እነ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሆኑ። በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ በቆጂ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ወጥቶ ዓለም ስማቸውን ሰማ። እስከዚያ ድረስ ግን ወርቁ ተመዝኖ የማዕድን ቆፋሪው ስም ሳይጠየቅ ቆይቷል።

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል?

ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ እንዳልሆነም መናገር ፍትሐዊ ነው። በኦሊምፒክ ላይ ለአሰልጣኝ ሜዳሊያ አይሰጥም። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለአሰልጣኞች የዕድሜ ልክ አስተዋጽኦ ሽልማት የጀመረው ገና በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ አገር ቦይድ ኤፕሊ የተባለ ሰው በ1969 እ.ኤ.አ. በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ለጉልበት ማጎልበቻ ሥልጠና ብቻ ደመወዝ እየተከፈለው ተቀጠረ። እስከዚያ ክብደት ማንሳት ተጫዋችን ያደነድናል፣ ያዘገያል የሚል ፍርሃት በብዙ አሰልጣኝ ዘንድ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ሰውየው ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም ዕድሜያቸውን ሙሉ በሙያው ለደከሙት ሽልማት ይሰጣል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሌላ ሰው እስኪያስታውሳቸው አልጠበቁም፣ መዝገብ ከፍተው እርስ በርሳቸው ተመሰጋገኑ።

የካላክላው ጋሼ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከእኛ ጋር በካላክላ የኖረ ሁሉ የምንናገረው ስለ ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ስማቸውን ያልጻፍነው ለምን እንደሆነ በኋላ እንናገራለን። ልጆቹ "ጋሼ" ይሏቸው ነበር፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ "ኡስታዝ" ይሏቸዋል። አገር ቤት ሳሉ በአንድ ክለብ ውስጥ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ነበሩ። ካርቱም ላይ ግን እንጀራቸው ሱዳኖች "በንሸር" የሚሉት የጎሚስታ ሥራ ነበር።

ጁምዓ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ የቡድናችንን ልጆች ሜዳ ላይ ያሰልፋሉ። መሣሪያ የሚገዛ ገንዘብ ማኅበሩ አልነበረውም። ስለዚህ ከሥራቸው ያረጀ ጎማ አምጥተው በገመድ አስጎትተዋል። የቀለም ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተው፣ በመካከሉ የብረት ቱቦ አስገብተው የክብደት ማንሻ ሠርተዋል። ጀሪካን ውኃ ግማሹን ሞልተው አሸክመዋል። አንዳንዴም ወደ ነጭ ዓባይ ዳር ወስደው አሸዋ ላይ ያስሮጣሉ። ሀቡቡ አቧራውን ሲያመጣ ወደ ግቢ ያስገቡና የትንፋሽ ሥራ ያሠራሉ።

መጀመሪያ የመጡት ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ። እየቆየ ግን ሌላም ሰው መጣ። ገበያ ላይ ጆንያ የሚሸከሙ ልጆች መጡ፤ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችንም በዕረፍት ቀናቸው መጡ። ጋሼ ለእነዚህ ያስተማሩት ስለ ዋንጫ አልነበረም። ከባድ ዕቃ ከመሬት ሲነሣ ወገብ ሳይሆን ጉልበት መታጠፍ እንዳለበት፣ ዕቃው ከሆድ ሳይርቅ ተጠግቶ መያዝ እንዳለበት፣ ሲዞሩም በእግር እንጂ በወገብ መዞር እንደማይገባ ነበር። "የሰው ጉልበት ያለው ጉልበቱ ላይ ነው" ይሉ ነበር፤ ልጆቹም እየሳቁ ይደግሙታል። ስደተኛ ያለው ሀብት አካሉ ብቻ ነው። ወገቡ የተሰበረ ዕለት ለእናቱ የሚልከው የለም። እኛ ይህን ያኔ አላስተዋልንም፤ ጋሼ ኳስ የሚያሠለጥኑ ብቻ ይመስለን ነበር።

ስህተታችን

የማኅበራችን አሥረኛ ዓመት ሲከበር የሽልማቱን ዝርዝር ያዘጋጀነው እኛ ነበርን። ለቡድኑ አምበል ዋንጫ፣ ለኮከብ ጎል አግቢ ሜዳሊያ፣ ለበረኛው ጓንት ተሰጠ። ማልያ ለገዛን ነጋዴዎችም በመስታወት የተለበጠ ሰርተፊኬት ተሰጠን። እኛው በጻፍነው ዝርዝር የእኛው ስም ነበረበት። የጋሼ ስም ግን አልነበረም። ተንኮል አልነበረም፤ ረሳናቸው። መርሳቱ ግን ከተንኮል የሚሻል አይመስለንም። በዚያች ማታ እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ ወንበር እያጠፉ የሚደረድሩት እሳቸው ነበሩ። ቀና ብለው "እንኳን ደስ አላችሁ" አሉን። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉታል ይህ ነው።

በማግስቱ ሰርተፊኬታችንን ሱቃችን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ዓመታት አለፉ፤ ማንም ምንም አላለም። እኛም ዘንድሮ ዘንድሮ እያልን ይቅርታውን አሳደርነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ያን ጊዜ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በዚህ በዓል መጽሔት ላይ አንዘረዝረውም። አንድ ነገር ብቻ እንናገር። ከሰፈራችን ስንወጣ መራመድ የማይችሉ አንዲት ሕመምተኛ እናት ነበሩ፤ መኪናም አልተገኘም። የጋሼ ልጆች ከሁለት የክብደት ማንሻዎች ቆርቆሮውን ሰብረው የብረት ቱቦዎቹን አወጡ፤ አንሶላ አስረውባቸው ቃሬዛ ሠሩ። አራት አራት ሆነው በየተራ ተሸከሟቸው። ቃሬዛውን ከመሬት ባነሡ ቁጥር አንዱ "በጉልበት!" ሲል ሌሎቹ ይቀበሉት ነበር። መኪና እስከተገኘበት ድረስ በዚያ ሁኔታ ደረሱ። እኛ ከኋላ ስንከተል የዋንጫውን ማታ አስታወስን፤ አፈርንም። ሱቃችን በኋላ ተዘረፈ፣ ሰርተፊኬቱም አብሮ ጠፋ። ለሱቁ አዝነናል፤ ለሰርተፊኬቱ ግን አላዘንንም።

ምን እናድርግ?

ዛሬ አባሎቻችን በአንድ ሰፈር አይደሉም። ከፊሉ ገዳሪፍና ፖርት ሱዳን፣ ከፊሉ ጎንደርና አዲስ አበባ፣ ከፊሉ ካይሮ ነው፤ ወደ ካላክላ የተመለሱም አሉ። እኛም ይህን የምንጽፈው ከገዳሪፍ ነው። ጋሼ ሰባ ዓመት አልፏቸው ጎንደር ይኖራሉ። ለዚህ መጽሔት ስማቸውን እንድንጽፍ በስልክ ፈቃድ ጠየቅናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅናቸው። ይቅርታውን ወዲያው ሰጡን። ስማቸውን ግን ከለከሉን። "ጎማ ያመላለሱልኝ፣ ሜዳ የጠረጉ፣ ውኃ የቀዱ ልጆች ነበሩ፤ እነሱ ካልተጻፉ እኔም አልጻፍ" አሉ። ተከራከርን፤ አልሆነም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየሥራ ክፍሉ ከመድረክ ጀርባ የደከሙ አባላት ስም፣ በፈቃዳቸው፣ በማኅበሩ መዝገብ ይስፈር፤ ጎማ ያመላለሱትም ጭምር። ይህ ሲሆን ጋሼ ምክንያት ያጣሉ። ሁለተኛ፣ ሽልማት ለሚሰጥበት በዓል ሁሉ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው ራሱ ተሸላሚ አይሁን፤ ይህ ለእኛ የተሰጠ ቅጣት ይሁን። ሦስተኛ፣ ምስጋናው ለተዝካር አይቆይ። የጋሼ ልጆች ባሉበት ሁሉ፣ ጎንደር የሚገኙት በአካል፣ የቀሩት በስልክ፣ በዚህ በዓል ሰሞን ቤታቸው ሄደው ያመስግኗቸው። ካባ ከተገኘ ካባ ይደረብላቸው፤ ካልተገኘ ቡና ይፈላ።

ሻለቃ ኒስካነንንና አሰልጣኝ ንጉሤን ዛሬ ልናመሰግናቸው ብንፈልግ አይሰሙንም። ጋሼ ግን ይሰማሉ፤ ስልካቸውም ይሠራል።

እግዚአብሔር የተበተነውን ይሰብስብ፤ ለሱዳን ሕዝብና ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። መልካም በዓል!